ትምህርት ዘጠኝ፦ የብስክሌት ቡድናችን



ባለፈው ትምህርት ስለ ንጹሕ ውሃ አያያዝ አንብበናል። በዛሬው ትምህርት ደግሞ ስለ ብስክሌትና ስለ ብስክሌት ቡድን እናነባለን። ብስክሌት የማያውቅ ሰው የለም። ለልጅ መጫወቻ ነው፤ ለሠራተኛ መመላለሻ ነው፤ ለነጋዴ ዕቃ መጫኛ ነው። ነገር ግን ብስክሌት ሰዎችን አሰባስቦ ጤናን፣ ዕውቀትንና ወዳጅነትን ሊሰጥ እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስተውልም። እኛም አናስተውልም ነበር። ያስተማረን አንድ ትንሽ የሠፈር ቡድን ነው። ስለሆነም ያየነውንና የደረሰብንን፣ ያጠፋነውንም ጭምር፣ ሳንደብቅ እንጽፍላችኋለን።

1. እንዴት ጀመርን?

እኛ ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የማታ ትምህርት እንድናስተምር ተመድበን ወደ ሐዋሳ ስንመጣ ከተማዋን አናውቃትም ነበር። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፤ መንገዶቿም ሰፋፊ ናቸው። በዚህም ምክንያት በከተማዋ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዙ ነው። ተማሪው ይነዳል፣ ሠራተኛው ይነዳል፣ ዳቦ አመላላሹም ይነዳል።

ከማደሪያችን እስከ ማስተማሪያው ክፍል በእግር ሩቅ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌቶች በየፊናችን ገዛን፤ ያልቻልን ተከራየን። አሮጌ ብስክሌት ደግሞ ጎማው ይተነፍሳል፣ ካቴናው ይወልቃል። በዚህ ሰበብ በክፍላችን አጠገብ ከዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ ጎሚስታ ጋር ተዋወቅን። ዕድሜያቸው ከአምሳ አልፏል። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ቀን ቀን የእኛን ጎማ ይለጥፋሉ፤ ማታ ማታ እኛ ፊደል እናስተምራቸዋለን። አንድ ቀን እንዲህ አሉን፦

«እናንተ ልጆች፣ ለብቻ ሲነዱት እኮ መሄጃ ብቻ ነው። አብረው ሲነዱት ነው ደስታው! እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ኑ፤ እንዳታረፍዱ!»

ሄድን። እዚያ ስንደርስ አንድ አናጢ፣ አንድ የባንክ ዘበኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዲት ቡና የምትሸጥ ሴትና ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከጋሼ ጋር ቆመው ይጠብቁናል። እነሱ ስምንት፣ እኛ ስምንት፤ በጠቅላላው 16 ሆንን። እንግዲህ ቡድኑ ይኸው ነው። ማሊያም አልነበረን፣ ዋንጫም አልነበረን።

በመጀመሪያው ቀን እኛ ተማሪዎቹ ጉልበታችንን ልናሳይ ፈለግን። ከፍቅር ሐይቅ ተነሥተን እንደ ጥይት ተወነጨፍን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ትንፋሻችን ተቆረጠ። ዓሣ አጥማጁ በዝግታ እየነዳ ደረሰብንና «በርቱ ልጆች!» ብሎን አለፈ። አፈርን። የቡድኑን የመጀመሪያ ደንብ የተማርነው በዚያን ጊዜ ነው። ደንቡም «ጉዞው የሚለካው በመጨረሻው ሰው ነው» የሚል ነው።

2. ብስክሌት ከየት መጣ? እንዴትስ ይሠራል?

የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1817 የሠራው ካርል ፎን ድራይስ የተባለ የጀርመን አገር ሰው ነው። ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ወደፊት ይገፋው ነበር። ፔዳል በ1860ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጆን ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራለት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለነጂው መቀመጫ ለስለስ አለ።

በአገራችን ለብስክሌት የምንጠቀምባቸው ብዙ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ካቴና፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ፔዳሉ አጠገብ አንድ ትልቅ ባለ ጥርስ ክብ አለ። በኋላው ጎማ ላይ ደግሞ ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ አለ። ሁለቱን ካቴና ያገናኛቸዋል። የፊተኛው 48 ጥርስ፣ የኋለኛው 16 ጥርስ አለው እንበል። 48 ለ16 ሲካፈል 3 ይሆናል። ይኸውም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ የፔዳል ዙር 6 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር እንሄዳለን።

ዳገት ሲመጣስ? ማርሽ ያለው ብስክሌት ከኋላ ትልልቅ ክቦችም አሉት። ካቴናውን 24 ጥርስ ወዳለው ክብ ብናዛውረው፣ 48 ለ24 ሲካፈል 2 ይሆናል። በአንድ ዙር የምንሄደው 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መንገዱ ያጥራል፣ እግራችን ግን ይቀልለዋል። ጋሼ ይህንን ሲያስረዱ «ዳገትን በቁጣ አይወጡትም፤ በትንሽ በትንሹ ነው» ይላሉ።

3. ነፋስን በተራ መካፈል

ለብቻው የሚነዳ ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚታገለው ከአየር ጋር ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደ ግድግዳ ይገፋል። ነገር ግን ከሌላ ነጂ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ይህ ግፊት ይቀንስለታል። ፊተኛው አየሩን ይከፍትለታልና። በጥሩ ፍጥነት ሲሄዱ የኋለኛው ሰው ከጉልበቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ያህል ሊያተርፍ ይችላል።

ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከፊት ቢሆን ይደክማል፤ ፍርድም አይደለም። ስለዚህ በተራ እንመራለን። አንዱ ለሁለት ደቂቃ ከመራ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይወጣና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። ቀጣዩ ይመራል። የደከመ ሰው ካለ በመካከል ይገባል። ጉድጓድ ያየ በእጁ ያመለክታል፤ መኪና የሰማ «መኪና!» ብሎ ይጮኻል። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፊት ያለውን ሰው ማመን ይጠይቃል። ከፊታችን ያለው ሰው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ሁላችንም እንወድቃለንና።

4. ጤናና ደስታ

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በብስክሌት ሥራ ሄዶ የሚመለስ ሰው ይህን ሳያስበው ይፈጽመዋል። ብስክሌት ልብንና ሳንባን ያጠነክራል። ክብደታችን በመቀመጫው ላይ ስለሚያርፍም ከሩጫ ይልቅ ለጉልበት ይቀልላል።

ግን እውነቱን እንናገር። እኛን በየእሑዱ በማለዳ የሚያስነሣን የሐኪም ምክር አይደለም። ደስታው ነው። በማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይተኛል። አሞራ ገደል ስንደርስ አጥማጆች ጀልባቸውን ይስባሉ፤ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ለማግኘት እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ታቦር ተራራን በጎን ትተን ወደ ጥቁር ውሃ ስንነዳ የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስንመለስ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ሻይና አምባሻ እንቀምሳለን። ዘበኛው ቀልድ አያልቅበትም። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ በቀጥታ ወደ ጉዞው ይመጣና «ሌሊት ቆሜ አደርኩ፤ አሁን ተቀምጬ ልሂድ» ይላል።

ቡና የምትሸጠዋ እኅታችን ብስክሌት የተማረችው ከሠላሳ ዓመቷ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጎረቤቶቿ ስቀውባት ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ?» ይሏት ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ነዳች። ዛሬ የስኳርና የከሰል ግዢዋን በብስክሌት ትፈጽማለች፤ ለጋሪ ትከፍለው የነበረውንም ገንዘብ ታስቀምጣለች። በቅርቡ ከሳቁባት ጎረቤቶች አንዷ መጥታ «እስቲ እኔንም አስተምሪኝ» ብላታለች።

ደግሞም ከትንሽ ቡድን ትልቅ ነጂ ሊወጣ ይችላል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የትግራዩ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተካሄደ። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ሌሊቱን አልተኙም።

5. የሒሳብ መዝገቡ ነገር

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመጣለን።

ቡድኑ በየወሩ መዋጮ ያዋጣል። እያንዳንዱ ሰው 50 ብር ይከፍላል። 50 ብር በ16 ሰው ሲባዛ 800 ብር ነው። በሦስት ወር 2,400 ብር ይሆናል። ሣጥኑን የሚይዙት ጋሼ ነበሩ፤ ዕቃም የሚገዙት እርሳቸው ናቸው። መዝገቡን የሚጽፈው ግን ከእኛ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ ገና ፊደል እየቆጠሩ ስለነበር የገዙትን በቃል ይነግሩታል፣ ደረሰኙንም ይሰጡታል፤ እሱ ይጽፋል።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሒሳቡን ዘጋን። ወጪው እንዲህ ነበር፦

የውስጥ ጎማ፣ 4 በ250 ብር፦ 1,000 ብር
ማስቲሽና መለጠፊያ፦ 180 ብር
የፍሬን ጎማ፣ 6 በ60 ብር፦ 360 ብር
ዘይት፦ 140 ብር
ካቴና፣ 1፦ 450 ብር
ድምር፦ 1,930 ብር

ከ2,400 ብር ላይ 1,930 ብር ሲቀነስ 470 ብር ይቀራል። ሣጥኑ ሲከፈት ግን 270 ብር ብቻ ተገኘ። 200 ብር ጎደለ።

ዝም አልን። «ሌባ» ያለ ሰው የለም። ነገር ግን ዝምታችን ከስድብ የባሰ ነበር። ጋሼ «እስቲ ደግማችሁ ቁጠሩት» አሉ። ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቆጠርነው፤ የራሳችንን ድምር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመረመርንም። የተማረ ሰው የጻፈው ነዋ! ጋሼ የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በዚህ ጥግ ሃያ ዓመት ስሠራ ሰው ብስክሌቱን ያለ ደረሰኝ ትቶልኝ ሲሄድ ነው የኖረው» ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ክፍልም አልመጡም። እኛ ግን ጉዞ ወጣን። ጥቁር ውሃ አጠገብ ስንደርስ የአናጢው ጎማ በሚስማር ተበሳ። መለጠፊያው ነበረን፣ ማስቲሹም ነበረን፤ የሚያውቅበት እጅ ግን አልነበረም። ሁለት ጊዜ ለጠፍን፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ብስክሌቱን እየገፋን በእግራችን ተመለስን። ማንም አልተጫወተም፤ ዘበኛው እንኳ አልቀለደም። በመጨረሻ ቡና የምትሸጠዋ እኅታችን ቆማ፦

«የሁለት መቶ ብር ጉዳይ አይደለም እኮ! የሰውዬው ስም ነው። ምነው መዝገቡን ወስዳችሁ ብታሳዩዋቸው?» አለችን።

እውነቷን ነው። በዚያው ዕለት መዝገቡን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ጋሼ ብዙም አልተናገሩም። «እዚህ ተዉልኝ» ብቻ አሉ። ትምህርት ከማቋረጣቸው በፊት ቁጥር ጨርሰው ድምር ጀምረው ነበር።

ሐሙስ ማታ ወደ ክፍል መጡ። መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል። በቀጥታ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደው ጠመኔ አነሡ። አምስቱን ቁጥሮች አንዱን ከአንዱ በታች በቀስታ ጻፉ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደመሩ፦

«የአንድ ቤት ባዶ ነው፤ ዜሮ። የአሥር ቤት፦ 8 እና 6፣ 14፤ ሲደመር 4፣ 18፤ ሲደመር 5፣ 23። 3 እጽፋለሁ፣ 2 እይዛለሁ። የመቶ ቤት፦ 1 እና 3፣ 4፤ ሲደመር 1፣ 5፤ ሲደመር 4፣ 9። በያዝኳት 2፣ 11። 1 እጽፋለሁ፣ 1 እይዛለሁ። የሺህ ቤት፦ 1 እና 1፣ 2።»

በሰሌዳው ላይ 2,130 የሚል ቁጥር ቆመ። ወደ እኛ ዞሩና «እናንተ 1,930 ብላችኋል። የያዛችኋት ሁለት የት ገባች?» ሲሉ ጠየቁን።

2,400 ሲቀነስ 2,130፣ 270 ነው። በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው። አንድም ሳንቲም አልጎደለም። የጎደለው በእኛ ድምር ላይ ነበር።

መዝገብ ጸሐፊው ጓደኛችን ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ጋሼ አልፈቀዱለትም፤ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። «ሰው ይሳሳታል፤ አንተን አልቀየምም» አሉት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተማሪዎች ዞረው የተናገሩትን አንረሳውም፦ «ማንበብ ባልችል ኖሮ ግን፣ እንደተጠረጠርኩ እሞት ነበር።»

እኛ መምህራኑ አንገታችንን ደፋን። ትምህርት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ሰበክን፤ በዚያች ሌሊት ግን ያስረዱን እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ተለወጠ። ድምሩን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሠሩታል። መዝገቡ በወር አንድ ጊዜ በሁሉም ፊት ይነበባል፤ አንባቢውም በተራ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ወደ ጋሼ ተመልሷል። መዝገቡንም አሁን የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው። ጽሕፈታቸው ትልልቅ ነው፤ ግን ስሕተት የለበትም።

6. እናንተም ቡድን ብትመሠርቱ

ቡድን ለመመሥረት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አራት ወይም አምስት ሰዎችና የሚሠራ ብስክሌት ይበቃል። የሚከተሉትን አስታውሱ፦

ሀ) ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር መርምሩ። ጎማው በደንብ ተነፍቷል ወይ? የፊትና የኋላ ፍሬን ይይዛል ወይ? ካቴናው ዘይት አለው ወይ?

ለ) የራስ ቁር አድርጉ። በመንገዱ ቀኝ በኩል አንድ በአንድ ተሰልፋችሁ ንዱ። ከጨለመ መብራት ያስፈልጋል።

ሐ) የመጨረሻውን ሰው ጥላችሁ አትሂዱ።

መ) ጎማ መለጠፍን ሁሉም ሰው ይማር። እኛ ጥቁር ውሃ ላይ ያየነውን እናንተ አትዩት።

ሠ) ገንዘብ ካለ መዝገብ ይኑር። መዝገብ ካለ ሁሉም ያንብበው።

ባለፈው እሑድ ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ተመለስን። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። በተራ መራን። የጋሼ ተራ ሲደርስ ከፊት ሆነው ሁለት ደቂቃቸውን ጨረሱ፤ «ይውጡ እንጂ፣ አይደክሙም ወይ?» ብንላቸው «ትንሽ ልጨምርላችሁ» ብለው ቀጠሉ። እኛም ከኋላቸው ተጠግተን ነዳን።

መልመጃ

ሀ. ጥያቄዎች
1. የቡድኑ የመጀመሪያ ደንብ ምንድን ነው?
2. ከሌላ ነጂ ኋላ የሚሄድ ሰው ለምን ይቀልለዋል?
3. ተማሪዎቹ ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቆጥረው ድምሩን ያልመረመሩት ለምን ይመስላችኋል? ተወያዩበት።
4. በአካባቢያችሁ ማንበብ ባለመቻሉ የተበደለ ሰው ታውቃላችሁ? ስሙን ሳትጠሩ ታሪኩን ጻፉ።

ለ. ሒሳብ
1. አንድ ቡድን 12 አባላት አሉት። እያንዳንዱ በወር 40 ብር ያዋጣል። በሦስት ወር ስንት ብር ይሆናል?
2. የፊተኛው ክብ 42 ጥርስ፣ የኋለኛው 14 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. 275፣ 180፣ 365 እና 90 ደምሩ። የያዛችሁትን ቁጥር አትርሱ።

ሐ. የቃላት ፍቺ
ጎሚስታ፦ ጎማ የሚጠግን ባለሙያ
ካቴና፦ ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኝ ሰንሰለት
ማስቲሽ፦ ማጣበቂያ
ሲሶ፦ ከሦስት አንድ እጅ
መዋጮ፦ አባላት በጋራ የሚያወጡት ገንዘብ